ከታናሼ ጆሮ ጀርባ

ጥቅምት 8
ለክሊኒኩ ነርሶች አርባ ጋውን ሰፍተን ለማስረከብ ሦስት ቀን ቀረን። ታናሼ የሃያውን እጅጌ አሳጥራ ቆርጣዋለች። "ረጅም ነው ያልኩሽ!" ብላት... "አጭር የሰማሁ መስሎኝ" ብላ ሳቀች። ሁሌ እንዲህ ናት። ጆሮ ዳባ ልበስ! ከልጅነቷ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ካልተነገራት አትሰማም። ንቀት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ጥቅምት 10
መጻፉም ከበደኝ። ግን ለማን እነግራለሁ?
ከኋላዋ ሆኜ ጠራኋት። አንዴ... ሁለቴ... ዝም። ደሜ ፈላ። ሄጄ ግራ ጆሮዋን ይዤ ጎተትኩት። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት! በሠራተኞቹና በሁለት ደንበኞች ፊት። ፊቷ ዐመድ መሰለ። "ቤቱ ዞረብኝ" አለችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አስታወከች። እኔስ ምን አልኩ? "ተነሽ፣ ትወናሽን ተዪ!"

ጥቅምት 11
አልመጣችም። እማዬ ደወለች። "ልጄን ምን አድርገሽብኝ ነው?"
"ምንም" አልኩ።

ጥቅምት 19
ማዞሩ አልተዋት ሲል የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን አየና፣ "ከጆሮዋ ጀርባ፣ አጥንቱ ውስጥ እጢ አለ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን አይደለም። ይዛው ነው የተወለደችው። ካንሰር አይደለም፤ ግን ቀስ በቀስ አጥንቱን ስለሚበላ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት። በግራ ጆሮዋ መስማት ካቆመች ቆይታለች" አለን።
ቆይታለች... ስንት ዓመት? ስንት ዓመት ሰደብኳት?
ታዲያ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምን ነበር? "ዶክተር፣ ጆሮዋ ቢጎተት... ያመጣዋል?"
"እጢውን አያመጣም። ማዞሩን ግን ሊቀሰቅስ ይችላል።"
እፎይ አልኩ። እፎይ!
ደረጃው ላይ ስንደርስ፣ "እኔ ቀዶ ጥገናው ፊቴን ያጣምመዋል ወይ ልለው ነበር" አለችኝ። "ቀደምሽኝ።"
ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ኅዳር 6
ቀዶ ጥገናው አምስት ሰዓት ፈጀ። እጢው ወጣ። ፊቷ ደህና ነው። የግራ ጆሮዋ መስማት ግን አይመለስም አሉ።
በደህናው ጆሮዋ በኩል ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኳት። "ሲሻለኝ እናወራለን" አለች።

ኅዳር 7
ጆሮዋን መጎተቴን ለእማዬ ነገርኳት። እኔው ራሴ።

ታኅሣሥ 2
ዛሬ ስፌት ቤቱ መጣች። ሥራ ልትጀምር መስሎኝ ሠራተኞቹን ሰብስቤ፣ "ያዋረድኳት እናንተ ፊት ነው፤ ይቅርታዬንም እናንተ ስሙት" አልኩ።
አቀፈችኝ። "እትዬ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ግን ካንቺ ጋር አልሠራም። ከኋላዬ ስታልፊ ሰውነቴ ኩምትር ይላል። ስፌት መኪናዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።"
እውነቷን ነው።
መኪናውን በሁለት ጎን ይዘን ደረጃውን ወረድን። "ቀስ! ወዳንቺ አዘንብዪው!" ትለኛለች።
"እሺ" አልኳት።
ታናሼን እሺ ስል የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።