በአፈር ክምርዎ ላይ ስለ በቀለው ዱባ

ለክቡር ሚስተር ዊንስሎ ፔክ
የዊክስቴድ ነዳጅ ኩባንያ ፕሬዚዳንት
ዴንቨር

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በቅርቡ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ለጻፉልኝ ጠበቃዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የኔን ጤና ለማወቅ ቢጓጉ፣ ለሰባ አራት ዓመቴ ደህና ነኝ፤ የሰሜኑ ነፋስ ሲነሣ ብቻ ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል፣ ነፋሱም ከአምናው ኅዳር ወዲህ እስከ ማድቤቴ የሚዘልቅ ሰፊ መንገድ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ተከፍቶለታል። ይህን ደብዳቤ በስኮግዳል ሳምንታዊ ጋዜጣችን ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ወደ ቢሮዎ ስደውል አንዲት ሴት ጥሪዬ እጅግ እንደሚከበር ከነገረችኝ በኋላ እስክሰለች ድረስ ሙዚቃ ስለምታሰማኝ፣ ይህን ያህል ክብር ለብቻዬ መሸከም ስላልቻልኩ ነው።

ክቡርነትዎ በሰሜን ዳኮታ ብዙ ውል ስላለዎት የኔ ባይታወስዎ አልቀየምም። ባለቤቴ ላይል ባረፈ በዓመቱ፣ የነዳጅ በርሜል መቶ ዶላር ይሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ ከስንዴ እርሻችን በታች ያለውን ነዳጅ ኩባንያዎ ቆፍሮ እንዲያወጣ ለሦስት ዓመት ተዋዋልን። በሦስት ዓመት ውስጥ ቁፋሮ ካልተጀመረ ውሉ በራሱ ጊዜ ይሞታል፣ መሬቱም ከነሆዱ ለኔ ይመለሳል። ከተጀመረ ግን፣ ሥራው ከሦስት ወር በላይ እስካልተቋረጠ ድረስ ውሉ ነፍስ እንዳለው ይቆያል። ከዚያ በኋላ በርሜሉ ከሠላሳ ዶላር በታች ወረደ፣ ከናንተም ወገን ድርሽ ያለ ሰው ጠፋ። እኔም ሊሄድ ለተነሣ እንግዳ ኮቱን ይዞ በር ላይ እንደሚቆም ሰው ሆኜ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን እጠብቅ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ ያለው አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አንደኛ፦ ውሉን ሊያስፈርሙኝ ስለ መጡት ወጣት ወኪልዎ፣ ስለ ሚስተር ብላይን ጨዋነት አመሰግናለሁ። ማድቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የፖም ኬኬን እያጣጣሙ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱና ከቤቱ በስተሰሜን የተሰለፉትን ዛፎች አዩ። እነዚያን ጥዶችና ኤልሞች እኔና ላይል በድርቁ ዓመት ተክለን፣ የታጠብንበትን ውኃ በባልዲ እያመላለስን ያሳደግናቸው ናቸው። ላይል እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማውን እንዳደረገ፣ ከዳር እስከ ዳር እየዞረ ሳይጎበኛቸው ምሳ አይቀርብም ነበር። ወኪልዎ ይህን ሳልነግራቸው ገባቸው መሰለኝ፣ «ወይዘሮ ቶርስጋርድ፣ ዛፎቹ እንዳይነኩ ውሉ ላይ ላስገባልዎት?» አሉኝ። «አይ ልጄ፣ አትቸገር» አልኩ። «እርግጠኛ ነዎት? አንድ መስመር እኮ ናት» አሉ። «ኧረ ግድ የለም፣ ስለ ኔ ብለህ ደህናውን ወረቀት አታበላሽ» አልኩ።

ክቡርነትዎ፣ በዚህ አገር ሰው የሚፈልገውን ነገር ሁለት ጊዜ «አይ» ሳይል አይቀበልም። የናቴም እናት እንዲህ ነበረች፤ ፓስተራችን እንኳ ቡና ሲቀዳላቸው ሁለት ጊዜ ስኒውን በመዳፋቸው ይከድናሉ። ሦስተኛው ላይ ብቻ «እንግዲያው ካልክ» ይባልና ይወሰዳል። እኔም «እንግዲያው ካልክ»ን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ስጠብቅ፣ ሚስተር ብላይን የቦርሳቸውን ዚፕ ዘጉ። ገና ኬኩን ሳቀርብላቸው በመጀመሪያው ልመና እሺ ሲሉ የሌላ አገር ሰው መሆናቸው ሊገባኝ ይገባ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሁለት ጊዜ መጠየቃቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ከርሳቸው በኋላ ከኩባንያዎ አንድ ጊዜም የጠየቀኝ የለም።

ሁለተኛ፦ ስለ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ። ውሉ ሊያልቅ የቀረው ያው የዕለቱ ዕድሜ ብቻ በሆነበት የኅዳር ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ዶዘር በተሳቢ ተጭኖ ግቢዬ ደረሰ። ቁፋሮ ተጀመረ ለማስባል የሆነ ቦታ መጫር ነበረበት። ዐይን እስኪታክት ድረስ የተዘረጋ፣ ስንዴው የታጨደለት ባዶ መሬት ነበር፤ ለመንገዱ የሚቀርቡት ግን ዛፎቹ ነበሩ፣ መሬቱም በብርድ ሊጠጥር፣ ፀሐይም ልትጠልቅ ነበርና ሠራተኞችዎን ሩቅ ሂዱ ማለት ነውር ነው። ሳይመሽ የረድፉ ግማሽ ተነቅሎ ተቆለለ፣ ሥሩ የነበረው ጥቁር አፈር በአንድ ወገን ተከመረ፣ ጉድጓዱ አጠገብም «ዊክስቴድ ነዳጅ ኩባንያ፣ ቁፋሮ ተጀምሯል» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ መቆፈሪያ መሣሪያ የሚባል ነገር ግቢዬን አልረገጠም። እኔ ሁሉንም ማድቤቴ መስኮት ላይ ቆሜ አየሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በቀጥታ የምናገረው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ያን ቀን ተናድጄ ነበር፣ ዛሬም ንዴቴ አልበረደም።

ሦስተኛ፦ ክሊፍተንን ስለ ላካችሁልኝ አመሰግናለሁ። ክሊፍተን ከሉዊዚያና የመጣ፣ በረዶ እንደ እባብ የሚፈራ ሰው ሲሆን፣ ሥራው ሦስት ወር እንዳይሞላ በየሁለት ወሩ መጥቶ የአፈሩን ክምር በዶዘር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መግፋት፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መመለስ ነበር። ይህም በውሉ ቋንቋ ያልተቋረጠ የቁፋሮ ሥራ ይባላል። በብርዱ ወራት አንድ ቀን ለምሳ አስገብቼው፣ «ክሊፍተን፣ ይሄ አፈር ምን በድሎህ ነው?» ብለው፣ «እትዬ አርዲስ፣ እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የምውለው። ውሉ እንዳይሞት ነው ብለውኛል። እኔማ ሬሳ የማገላብጥ ነው የሚመስለኝ» አለኝ።

በግንቦት መጀመሪያ የላክሁለትን የምግብ ሳህን አጥቦ ሊመልስልኝ መጣ፤ ዶዘሩን ግን አላስነሣም። «ቀነሱኝ፣ እትዬ። ዶዘሯን የሚወስዳት ሰው ይመጣል ብለዋል፤ ቁልፏን ተቀብለውኛል» አለኝ። «ታዲያ አፈሩን ማን ያዞረዋል?» አልኩት። «እሱን አልነገሩኝም» አለ። ከዚያ እርስ በርስ ተያየንና ምሳችንን በላን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንደ ክቡርነትዎ ላለ አዋቂ ሰው አይደለምና፣ የአንድ ሠራተኛ ደሞዝ ለማዳን ብላችሁ ውሉን ያለ አገላባጭ የተዋችሁት ለኔ አዝናችሁ መሆኑን አምናለሁ። ክሊፍተን አሁን በገዛ አገሩ የዓሣ ጀልባ ላይ ተቀጥሯል፣ ሰላምም ይላችኋል፤ ሰላምታው ውስጥ የነበሩትን ሌሎች ቃላት ጋዜጣው አያወጣቸውም።

አራተኛ፦ የባለቤቴን ወንድም ቨርደልን እንዳስበው ስላደረጋችሁኝም ላመስግን። የርሱ ውል ከሌላ ኩባንያ ጋር ነበር፤ በሚያዝያ ሲያልቅ ማንም ሳይጭረው፣ ማንም ሳይደውልለት ሞተ። በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ምሳ ላይ ሳለን የኔም ውል በሞተልኝ ብለው፣ «አንቺ አርዲስ፣ አብደሻል እንዴ? ዛሬ ማን አንድ ዶላር ይሰጥሻል? ባዶ እጅሽን ከምትቀሪ ስማቸው መሬትሽ ላይ ይቆይልሽ። ዋጋው እኮ ይመለሳል» አለኝ። «ላይል የተከላቸውስ ይመለሳሉ?» አልኩት። ቨርደል ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንድሙን አስቦ ሌፍሳ የምንለውን የድንች ቂጣ ቅቤ ሳይቀባ በላ። እውነቱን ነው፣ እዚህ አውራጃ ውስጥ ያለነው የማዕድን ባለመብቶች ሁሉ ዛሬ ከስልክ አጠገብ የምንቀመጠው ለከንቱ ነው። እኔ ግን ማንም እንዳይደውልልኝ ነው የምቀመጠው።

ወደ ዋናው ምስጋናዬ ስመለስ ቁጥሩ ስለ ጠፋብኝ ይቅርታ ይደረግልኝ። ክሊፍተን በሄደ በሳምንቱ የአፈሩን ክምር ዐየሁትና አሳዘነኝ። የዛፎቹ ቅጠል ስንት ዘመን የበሰበሰበት፣ እንደ ኬክ የሚፈረፈር አፈር ነው። እንዲህ ያለ አፈር ጦም ማደር የለበትም ብዬ አናቱ ላይ የዱባ ዘር ቀበርኩበት፣ እንደ ድሮው የታጠብሁበትን ውኃም በባልዲ አጠጣሁት። ዱባው አላሳፈረኝም። ሐረጉ ክምሩን ለበሰ፣ በሰሌዳዎ እግር ላይ ተጠመጠመ፣ ሊወስደው የሚመጣ ሰው ባጣው ዶዘር ሰንሰለት ላይም ወጥቶ አበበ። በመስከረም መጀመሪያ ቨርደልና ሁለት ጎረምሶች እያቃሰቱ ፒክአፑ ላይ ጫኑልኝና በአውራጃው የመከር ትርኢት አንደኛ ወጣ። ይኸው ጋዜጣ ዱባው ከመቆረጡ በፊት ያነሣውን ፎቶግራፍ በፊት ገጹ አወጣው፦ እኔ፣ ገና ከሐረጉ ያልተለየ ዱባዬ፣ ከኋላችንም «ቁፋሮ ተጀምሯል» የሚለው ሰሌዳዎ።

የጠበቃዎ የመጀመሪያ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው። በቦታው ያለው ሥራችሁ ለአፍታም እንዳልተቋረጠ፣ ስለዚህም ውሉ ሕያው እንደ ሆነ ገልጸው ይህንኑ በፊርማዬ እንዳረጋግጥ በትሕትና ይጠይቃሉ። ጠበቃዎ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ከርሳቸው ጋር ሕግ መከራከር አይገባኝም። ይሁን እንጂ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ቢሆንም፣ ሁለቱም ቢሆኑ በዶዘር እየተገፋ ከሚመላለስ አፈር ላይ አይበቅሉም። ከግንቦት እስከ መስከረም ያ አፈር አለመነካቱን አውራጃው በሙሉ በዐይኑ አይቷል፣ ዳኞቹም ሰማያዊ ሪባን አስረውበታል። የውሉን መሞት በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ያስመዘገብኩት ከፎቶግራፉ ጋር አያይዤ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የማስቸግረው በጥቂቱ ነው። ዶዘሩንና ሰሌዳውን ይውሰዱልኝ፣ ጉድጓዱንም ይድፈኑልኝ፤ ለመድፈኛ የሚሆን አፈር ግን ይዘው ይምጡ፣ ክምሩ የኔ ነው፣ እፈልገዋለሁ። መሬቱ በብርድ ሳይጠጥር የጥድና የኤልም ችግኝ ልተክልበት ነው። ጥላቸው ላይ እንደማልደርስ አውቃለሁ፣ ይህም ያሳዝነኛል። ቢሆንም ላይል በተከላቸው ጊዜ ነፋሱ የሚነፍሰው በርሱ ላይ ብቻ እንዳልነበር ያውቅ ነበር።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ከዚህ እስከ ዴንቨር የሚደርስና እዚያው እንዲቆይ የምመኘው መሆኑን እየገለጽሁ፣ ኩባንያዎ የነዳጅ ዋጋ በወጣ ቁጥር እንዲበለጽግ፣ በወረደ ቁጥር እንዲያርፍ፣ በሁለቱም ጊዜ ከአጥሬ ውጭ እንዲሆን በመጸለይ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አርዲስ ቶርስጋርድ
ከስኮግዳል በስተሰሜን፣ ግማሽ ዛፍ ካለው ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጠበቃዎ ሁለት ጊዜ ይፈርሙ ብለውኝ ሁለት ጊዜ አይ ብያለሁ። የአገራችንን ልማድ የሚያውቅ ሰው መክሯቸው ሦስተኛውን ደብዳቤ እየጻፉ እንደ ሆነ፣ በከንቱ አይድከሙ፤ ሦስተኛውም አይ ነው። ሚስተር ብላይንን ግን ካልቀነሷቸው፣ ሳይጠይቁኝ የሄዱትን የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ያድርሱልኝ፦ እሺ ልጄ፣ እንግዲያው ካልክ ጻፍልኝ። ዛፎቹ አይነኩ።