ኮርቻ ሰሪው ማን ነው

ወንድምአገኝ፣
ባጃጁ ገና ሳይታይ ጥሩምባው ከሩቅ ይጮኻል፤ ወደ ቡሬ ልሄድ ነው።
የነከርኸውን ቆዳ ሳይበላሽ አውጣው።

አንተ የምትሰፋውን፣ እኔ የምሸጠውን ኮርቻ ኢንተርኔት ላይ ካለው የድርጅቶች ማውጫ ከፍለን እናስገባው ወይስ ይቅር እያልሁ ስጠይቅህ ሰነበትሁ። መልስህ «እንደፈለግህ» ብቻ! አንጀቴን አሳረርኸው።

ቅጹን ብቻዬን ሞላሁት። «ከሚካኤል ጀርባ፣ ዋርካው ሥር» ብዬ ብጽፍለት የቤት ቁጥር አምጣ አለኝ። ከ«ሰሪው» ፊት ደግሞ የራሴን ስም ጻፍሁ።
ያንተን መጻፍ ነበረብኝ።

አልከፈልሁም። ትናንት ልከፍል ስል አንድ የማንኩሳ ገበሬ ዋርካውን ጠይቆ መጣ።
«ወንድምአገኝ የታለ?»
«ሰሪውስ እኔ ነኝ» አልሁት።
ስፌቱን ዳበሰ። መርፌ ወግቶት የማያውቀውን እጄን አየና ወጥቶ ሄደ።

ወንዳወቅ