የድምቡሼ የሽቦ አልጋ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ለሆዴ፣ ለመጀመሪያ ልጄ፤

እንደምን አለሽ? ጤናሽ ደህና ነው? አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ደህና ነው። እኔም አለሁ። እጄ ቶሎ አይጽፍምና ታገሺኝ።

ባለፈው በስልክ “እማዬ፣ ሐዘን ቀስ በቀስ ይበርዳል” አልሽኝ። ዝም ያልኩት መስመሩ ተቋርጦ አይደለም። ክፉ እንዳልናገርሽ ብዬ ነው።

የዛሬ ዓመት ስትመጪ፣ “ለመሆኑ እዚያ ድረስ ሄደሽ የምትማሪው ምንድን ነው?” ብልሽ፣ ከወንድምሽ ከድምቡሼ የሽቦ አልጋ ላይ ፍራሹን አንስተሽ አሳየሽኝ። “እዪ እማዬ፣ የክሪስታል ውስጡ እንዲህ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ከጎረቤቶቿ ጋር እንደዚህ አልጋ በሽቦ ሞላ ተያይዛለች።” አንዱን ሞላ በጣትሽ ነካ ስታደርጊው አልጋው በሙሉ ተርገበገበና ረጋ። “በቀስታ ሲነካ ጎረቤት ይካፈለዋል። በኃይል ሲመታ ግን አንዳንዴ የተመታችው መወዛወዟ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። ጉልበቱን የሚቀበላት ታጣለች። ብቻዋን ስትንቀጠቀጥ ትቆያለች” አልሽ። ድምቡሼም፣ “እማዬ፣ ይቺ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባችው አልጋዬን ልትሰብር ነው!” ብሎ አሳቀን።

እሱ ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ የሞተ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አለቀሰ። ከዚያ ሁሉም ረጋ። ሱቁ ተከፈተ፤ የላይኛው ቤት ሬዲዮ እንደ ድሮው ጮኸ። አባትሽ እንኳ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። አልፈርድባቸውም።

አንቺ ግን አልመጣሽም። “የምመረምረውን ክሪስታል አቀዝቅዤዋለሁ፤ ትቼው ብመጣ ይሞቅና ልፋቴን ውሃ ይበላዋል” አልሽ። ወንድምሽም ቀዝቅዞ ነበር፣ ልጄ። አንቺን ስንጠብቅ አቆየነው። በኋላ የሆስፒታሉ ሰዎች ከዚህ በላይ አይቆይም አሉንና ቀበርነው።

ታዲያ “ይበርዳል” ያልሽኝ፣ ያን ቀን ያሳየሽኝን ረስተሽው ነው?

አባትሽ አልጋውን ለአሮጌ ብረት ገዢ ሊሰጠው ነው። ሰውዬው ወሩ ሲያልቅ ይመጣል። “አንቺ ሴትዮ፣ ሽቦ ታቅፈሽ ልትኖሪ ነው?” አለኝ አባትሽ። “አዎ” አልኩት። አንቺን ግን ነይ ብዬ አልለምንሽም።

የሰው አገር ብርድ አይንካሽ። ክፉ ዓይን አይይሽ። ከወንድምሽ ያስበለጥሽው ነገር እንኳ ይሳካልሽ።

እናትሽ

ከፈረምኩ በኋላ ይህን ጨመርኩ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው ሄጄ አባትሽ ከአልጋው ያወረደውን ፍራሽ ቦታው መለስኩት፤ የታጠበ አንሶላም አነጠፍኩበት። አባትሽ በሩ ላይ ቆሞ “ለማን ነው?” አለኝ። የአንሶላውን ጠርዝ ከፍራሹ ሥር ወተፍኩት።