ረጅሙ ገዢ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሥራህ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ያ የተሰበረው ግራ ትከሻህስ፣ ብርድ ሲመጣ አሁንም ይጠዘጥዝሃል? እኛ ደህና ነን። ከተማችን ዞልደርም እንደምታውቃት ናት፤ ዝናቧን አልተወችም።

አባባ ከእንግዲህ አይነዱም። ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ «በቃዎት» አላቸው። በወሩ መጨረሻ እሑድ፣ እዚሁ ሜዳችን ላይ በሚደረገው ጡረታ የወጡ የፎርሙላ እሽቅድምድም መኪኖች ውድድር ሊሰናበቱ ነበር ያሰቡት። የዚያን ዕለት ራት ላይ የሾርባ ማንኪያው እጃቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁና አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ የውድድር መኪናውን ልሸጠው ነው፣ ገዢም አግኝቻለሁ፣ ለእሑዱ ውድድር ይመጣል አሉኝ። ትናንት ደግሞ ሞተሩን እንሞክረው ብለው አዘዙኝ። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፤ ሞተሩ ትኩስ ውሃ ሆዱ ውስጥ ሲዞር ካላረፈደና ካልሞቀ ድፍን ብረት ነው፣ አይነቃነቅም። ጎረቤታችን ሌንደርት ብቅ ብሎ «እናንተ፣ ሕፃን ነው እንዴ የምታጥቡት?» እያለ ሲያሾፍብን ነበር። አባባም «አንተን ከአልጋ ከማስነሳት ይቀላል» አሉት።

ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ወንድሜ፣ ይህን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፣ እንደ ትናንቱ ግን ሰምቼው አላውቅም። አሥሩም ሲሊንደሮች ባንዴ ሲያጓሩ መሬቱ በእግሬ ገብቶ ደረቴ ውስጥ የቆመ መሰለኝ። ያ ቀልደኛ ሌንደርት ቆቡን አወለቀ። ይህን የሰው እጅ ነው የሠራው? ዓለም አሮጌ ብሎ ከጣለው ስንት ዘመኑ፤ ጡረታ መውጣቱን ግን ለእሱ የነገረው ያለ አይመስልም። ፈራሁ፣ ደስ አለኝ፣ አለቀስኩም። ዞር ብዬ ባይ የአባባ እጅ መንቀጥቀጡን ትቶ ቀጥ ብሏል።

ሞተሩ ሲጠፋ እንደ ልጅነታችን መኪናው ውስጥ ገብቼ ጋደም አልኩ። እግሬ ፔዳሉ ጋ አልደርስ አለ! ድሮ በአባባ አጭር እግር ልክ ስለነበር ጉልበቴን አጥፌ ነበር የምገባው። አሁን ወደ ፊት ገፍተውታል። ምነው ብላቸው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ገዢው ረጅም ነው» አሉኝ። መቀመጫውም አዲስ ነው፤ ግራ ትከሻው ላይ ለስላሳ ነገር ደርበውበታል። ይሄስ ለምን ብላቸው የወደቀ ብሎን ፍለጋ ጎንበስ አሉ። ምንም የወደቀ ብሎን አልነበረም።

ያን ቀን መኪናውን ስትነዳ ከሜዳው ግንብ ጋር ስትላተም፣ ትከሻህን ሳይጠይቁ መኪናው ምን ሆነ በማለታቸው እንደተቀየምክ አውቃለሁ። እኔም ተቀይሜያቸው ነበር። አባባ ይቅርታ ማለት አይሆንላቸውም፤ ከአፋቸው አትጠብቅ።

የገዢውን ስም ብጠይቃቸው አልነገሩኝም። እኔ ለማንኛውም እሑድ በማለዳ ውሃውን አሞቃለሁ። ሰውየው ባይመጣስ አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «እንግዲያው ይቀዝቅዛላ» አሉኝ።

እግዜር መንገድህን ያቅናልህ፣ ትከሻህንም ይማርልህ።

ናፋቂህ እህትህ