ስለወተፍካት ቀዳዳ

ውድ ልጄ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ተብዬ ስለተማርኩ ነው። በልቤ ያለውን ብጽፈው ወረቀቱ ይነድ ነበር። ስልክ ያልደወልኩልህም «እሺ እማዬ፣ እሺ» እያልክ እንዳታቋርጠኝ ነው።

ብርዱ ሲገባ የመብራት ሂሳቤን አይተህ «እማዬ፣ ጡረታሽን በሙሉ እየሞቅሽው ነው» አልከኝ። እውነትህን ነበር። የእንጨት ምድጃውን አምጥተህ ስትተክል፣ ፍልጡንም በረንዳው ላይ ስትደረድር መረቅሁህ። አዋቂነቱ የመጣብህ ከዚያ በኋላ ነው። የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በፕላስተር ለጠፍክ፤ ግድግዳው ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ደግሞ በስፖንጅ ወተፍክ።

«አባትህ ይቺን ቀዳዳ ያለ ምክንያት አልተዋትም» አልኩህ።

«እማዬ ደግሞ! ገንዘብሽ የሚወጣው እኮ በዚህች ነው» ብለህ ሳቅህ።

ቤቱ ሞቀ። እኔም ራሴን ይፈልጠኝ፣ ጉልበቴም ይከዳኝ ጀመር። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የማባዣ ሰንጠረዥ እንደማነበንብ ታውቃለህ፤ አንተንም ያሳደግሁህ በእሱ ነው። የአስራ ሰባት ቤት ላይ ስደርስ ጭልጥ ብሎ ጠፋኝ። ልትጠይቀኝ ስትመጣ በእህትህ ስም ጠራሁህ፤ ሻይህ ላይም ጨው ጨመርኩ። አንተ ምን አደረግህ? እዚያው አጠገቤ ቆመህ ለእህትህ ደወልክና «እማዬ እኮ ለቀቀች፤ አእምሮዋን ስታለች» አልካት። ጆሮዬ ግን አልለቀቀም ነበር። ብዙም ሳትቆይ ደላላ አምጥተህ ክፍሎቼን በሜትር አስለካህ። የሚያንገበግበኝ፣ እኔም አምኜህ ነበር። ቤቴን ሸጠህ እንደ ዕቃ ወደምታስቀምጠኝ ቦታ ልሄድ፣ የምፈርምበትን ቀን ቆርጠን ነበር።

ያዳነችኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። ለሁለት ቤት አንድ እሳት ይበቃል ብለን ስፌቷን ይዛ እኔ ጋ ትውል ነበር። አንድ ቀን መርፌዋን አስቀመጠችና ግንባሯን ያዘች።

«እትዬ፣ የእርስዎ እርጅና ተላላፊ ነው እንዴ?»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«እዚህ ስውል ራሴን ይፈልጠኛል፤ ቤቴ ስገባ ይተወኛል። ትናንት እኮ የሰው ሱሪ ላይ ሦስተኛ እግር ልቀጥል ነበር!»

ሳቅን። ከዚያ ሳቃችን ቀጥ አለ፤ ሁለታችንም ወደ ምድጃው ዞርን።

ጎትታ ወደ እሷ ቤት ወሰደችኝ። ካፖርት ደራርበን ተኛን፤ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። እዚያ ጥቂት ቀን እንዳደርኩ፣ አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የአስራ ሰባት ቤት አንድም ሳይደናቀፍ ከአፌ ወረደ። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እያለ አለቀስኩ።

ምድጃ ጠጋኝ አስጠራሁ። ስፖንጁን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ። «እሳት አየር ሲያጣ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ተኝተው ይቀሩ ነበር» አለኝ። «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ሲለኝ፣ ልጄ ነው ማለት አፍሬ «ብርዱ ነው» አልኩት።

አለማወቅህን ይቅር እላለሁ። እኔም አላወቅሁም። ነገር ግን እናትህ በአንድ ክረምት እንዲያ ስትሆን፣ «ምን ነካት?» ሳትል «ቤቱ ስንት ያወጣል?» አልክ። ሐኪም ከማምጣትህ በፊት ደላላ አመጣህ! ይሄ አለማወቅ አይደለም።

ምድጃውን አልመልስልህም፤ ቀዳዳዋ ተከፍታ ደህና አድርጎ ያሞቀኛል። ደላላህን ደጄ እንዳላየው። አንተ ግን ትመጣለህ። ያን ጊዜ የቆምክበት ቦታ ላይ፣ እኔ እየሰማሁህ ለእህትህ ትደውልና «የለቀቅሁት እኔ ነኝ» ትላታለህ። ከዚያ በኋላ ቁጭ በል እልሃለሁ፤ ሻይም አፈላልሃለሁ፣ በስኳር።

ስፖንጁን ፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ዕቃህ ነው።

አስራ ሰባት በአስራ ሰባት ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ መሆኑን የምታውቀው፣

እናትህ