ለሁለት ሰው የሚሆን ሞላ

እሑድ፣ ኤፕሪል 7

ካፊያ። የቼሪው አበባ ግማሹ ረግፏል። ሞተሯን አጠብኩ፣ ካቴናዋን ዘይት ቀባሁ። ሌላ ምንም።

ልጃችን ኮቶኖ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው ፍሪጁ ብቻ ነው። እራት ላይ ቺዙሩ "ጨው አነሰው?" አለች። "ደህና ነው" አልኩ። ከዚያ... በቃ። ሃያ አራት ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች የሚያወሩት በጨው ያልቃል?

ሳህን ስታነሳ ከአፌ አመለጠኝ። "በሜይ በዓል ተራራው ላይ ወዳለው የሶባ ኑድል ቤት እንሂድ? በሞተር።"

"ባለፈው ዓመት ሞተርህ ባቡር ሐዲዱ ላይ ወደ ሰማይ ወርውራኛለች። ወገቤ ገና አልወረደም።"

"ብትስተካከልስ?"

"ከተስተካከለች እመጣለሁ። አንዴ ከረገጠችኝ ግን ዳግመኛ አልወጣባትም። አትለምነኝም።"

ሳቀች? ሳል ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 13

ለሞተሯ ያዘዝኩት አዲሱ የኋላ አሞርዛተር መጣ። ወርቃማ፣ ሞላው ቢጫ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ሳየው ቺዙሩ አለፈች። "አበባ ልጨምርበት?" አለች።

መመሪያውን አነበብኩ። ሞላው፣ አናቱ ላይ ያለው ቀለበት እየዞረ፣ በሚቀመጥበት ሰው ክብደት ልክ ይጠበቃል። ሁለት ሰው ከሆነ በሁለቱ ድምር። ከላላ ወርዶ ይመታል፣ ከጠበቀ ሽቅብ ይወረውራል።

የእኔን አውቃለሁ። የእሷ...?

የጫማዋን ቁጥር አውቃለሁ። ቀዝቃዛ ውኃ የሚያመው የትኛው መንጋጋዋ እንደሆነ አውቃለሁ። ስትዋሽ የምትነካውን ጆሮ አውቃለሁ። ክብደቷን አላውቅም። ከማላውቀው ሰው ጋር ነው እንዴ የምኖረው?

እሑድ፣ ኤፕሪል 14

ጠየቅኋት። እንደ ዋዛ፣ ሻይ ሲቀዳ።

"ስንት ኪሎ ነሽ? ለቴክኒክ ጉዳይ ነው።"

"ለምን ቴክኒክ?"

"ለሞላ።"

ወጥታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 20

ቀኑን ሙሉ ጓሮ። አሁን የምጽፈው ጥቁር ዘይት በበላው ጣት ነው።

ጎረቤታችን ሺጌማሱ ሳን ፍሬ የሚለቅሙበትን ባለ ሦስት እግር መሰላል አዋሱኝ። መሰላሉን ከሞተሯ በላይ አቆምን፣ ጀርባዋን በቀበቶ አንጠለጠልን። ሐኪም ቤት የተኛች መሰለች። የጭስ ማውጫዋን፣ ማርሚታዋን ፈታሁ። የላይኛውን ብሎን ለማግኘት እጅ አይበቃም፣ እባብ መሆን ያስፈልጋል። ሆንኩ።

የታችኛው ዳዶው ወጣ፣ ብሎኑ አልወጣም አለ። ጎተትኩ። ለመንኩ። ሺጌማሱ ሳን እርሻ ላይ የዋሉ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ።

"አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመትህ ነው?"

"ሃምሳ ሦስት።"

"እህ።"

ተናድጄ ጎማውን በእግሬ ወደ ላይ ገፋሁት። ብሎኑ ሹልክ ብሎ ወጣ። ለካ የጎማው ክብደት ነበር አንቆ የያዘው። እንደገና ክብደት!

"እንዳልኩህ" አሉ ሺጌማሱ ሳን። ምንም አላሉኝም ነበር።

አዲሱ ገባ። ቢጫው ሞላ ከኮርቻው ሥር ብልጭ ይላል። ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያው... በስንት ኪሎ ልክ ላጥብቀው?

እሑድ፣ ኤፕሪል 21

መላ ተገኘ። በቺዙሩ ፈንታ ሩዝ እጭናለሁ።

ሺጌማሱ ሳን ጎተራቸውን ከፈቱልኝ። ችግሩ ያልተፈተገ ሩዝ እዚህ አገር ሠላሳ ሠላሳ ኪሎ ነው የሚታሸገው። በትልቅ የወረቀት ከረጢት፣ አፉ በገመድ ታስሮ። ግማሽ ብሎ ነገር የለም። ወይ ሠላሳ፣ ወይ ስድሳ።

"ሠላሳ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ናት" አሉ።

"ስድሳስ?"

ወደ ቤታችን መስኮት አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስድሳን እኔ አላልኩም።"

ከላላ ትመታታለች፣ ከጠበቀ ትወረውራታለች። የቱ ይሻላል? ወደ ጥንቃቄው አዘነበልኩ። ስድሳ።

ሁለቱን ከረጢቶች ኋላዬ አቁመን ከወገቤ ጋር አሰርናቸው። ካፊያ ጀመረ። ወረቀት ነው፣ ይረጥባል። በር ላይ የተሰቀለውን የቺዙሩን ቀይ የዝናብ ልብስ አለበስናቸው። ቆቡ በነፋስ እንዳይገለጥ ሄልሜቷን ከላይ ደፋንበት። ቀለበቱን እያጠበቅሁ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ቀስ ብዬ። ለስላሳ ነበር። ሩዙ ቅር አላለውም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 23

ከምሠራበት የውኃ ልማት መሥሪያ ቤት ስገባ ቺዙሩ መብራት ሳታበራ ተቀምጣለች።

"አባትየው።" ኮቶኖ ከተወለደች ጀምሮ ስሜ ይኸው ነው። "ማን ናት?"

"ማን?"

"ባለ ቀይ የዝናብ ልብሷ። በእኔ ልብስ። ኦጋሳዋራ ሳን አይተዋችኋል።" ኦጋሳዋራ ሳን ከማዶ ያሉት ሴትዮ ናቸው፣ መጋረጃቸው ሁልጊዜ አንድ ጣት ገርበብ ይላል። "ጀርባህ ላይ ተለጥፋ ነበር አሉ። ሦስት ጊዜ አዞርካት። ወፈር ያለች፣ አንገት የሌላት።"

"ሩዝ ናት።"

"ምን?"

"ሩዝ። የሚበላው። የሺጌማሱ ሳን ሩዝ።"

ትከሻዋ ወረድ አለ፣ ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ድኜ ነበር። እዚያ ላይ አፌን ብዘጋ ድኜ ነበር።

"በአንቺ ፈንታ ነው የጫንኩት። ሞላውን በአንቺ ልክ..."

"በእኔ ልክ። ስንት ኪሎ?"

"ከረጢቱ ሠላሳ ነው የሚይዘው፣ ግማሽ አይሸጡም..."

"ስንት ከረጢት?"

"ሁለት።"

ተነስታ መብራቱን አበራች።

"ሌላ ሴት ብትሆን ይሻልህ ነበር" አለች። "ሶባውን ከሩዝህ ጋር ብላ።"

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 24

እራት። ለእሷ አንድ ማንኪያ ሩዝ። ለእኔ ተራራ የሚያህል። "ብላ" አለች፣ "ስድሳ ኪሎ አለህ።" ሌላ ንግግር የለም። ግን ከጨው ይረዝማል... ይቆጠራል?

እሑድ፣ ኤፕሪል 28

አሞርዛተሩን መልሼ ልሸጠው አሰብኩ። ለብቻዬ ምን ያደርግልኛል? ብቻዬን ስነዳ አሮጌውም አይረግጠኝም ነበር።

ጓሮ ስወጣ ቺዙሩ ቆማለች። ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ሄልሜት። አጠገቧ ሺጌማሱ ሳን ሜትር ይዘው፣ እንደተያዘ ሌባ አንገታቸውን ደፍተው።

"መፍቻውን" አለች። ቀለበቱን የሚያዞረውን ቆልማማውን ሰጠኋት። "ግድግዳውን እይ።"

ዞሬ ግድግዳውን አየሁ። ከኋላዬ ቀለበቱ ክርርክ አለ። እያላላችው ነው? እያጠበቀችው? በድምፅ አይለይም።

"ኦሆ!" አሉ ሺጌማሱ ሳን።

"ኦሆ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ግድግዳውን እይ!" ሁለቱም በአንድ ላይ።

ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ፊት እንድቀመጥ ታዘዝኩ። እሷ ከኋላዬ ወጣች። ሞተሯ ሁለታችንን ይዛ ትንሽ ዝቅ አለች፣ እዚያው ቆመች። ሺጌማሱ ሳን ምን ያህል እንደወረደች ለኩ፣ ቁጥሩን ለእሷ ብቻ አንሾካሾኩ። ቺዙሩ ወርዳ ትንሽ አዞረች፣ ተመልሳ ወጣች።

"አሁን ልክ ነው። ከረጢቶችህን መልስ።"

"ትመጫለሽ ማለት ነው?"

"ያልኩህን ታስታውሳለህ። አንዴ ከረገጠችኝ።"

ቅዳሜ፣ ሜይ 4

ባቡር ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ትንፋሼን ዋጥኩ። የፊቱ ጎማ ዘለለ። የኋላው... ሰመጠ፣ ተነሳ፣ አለቀ። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ አስደነገጠኝ። ወድቃ ይሆን? አንድ እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ። እጄን በጥፊ መታችው። አለች!

ሽቅብ ጠመዝማዛውን ስንጀምር ማውራት ጀመረች። በሁለት ሄልሜት መሃል ምም ምምም ብቻ ነው የሚሰማኝ። አገጯ ትከሻዬን ይነካካል፤ በዚያ ነው እንደምታወራ የማውቀው። ድምፁ ሲያቆም ጥያቄ ይሆናል ብዬ "እሺ" እላለሁ። እንደገና ትቀጥላለች። እስከ ጫፍ አላቋረጠችም።

ሶባው በእንጨት ሳጥን ነው የሚቀርበው። ሁለት ሳጥን በላች።

"ወገብሽስ?"

"የቱ ወገብ?"

እሑድ፣ ሜይ 5

ትናንት እሺ ያልኳቸው ነገሮች ቁርስ ላይ ተነገሩኝ።

በየእሑዱ እንወጣለን። ኮቶኖን ለማየት ሳንነግራት ዩኒቨርሲቲዋ ካለበት ካናዛዋ ድረስ እንሄዳለን። ኦጋሳዋራ ሳንን አንድ ቀን ከኋላ ጭኜ አዞራቸዋለሁ፣ በራሳቸው ዓይን እንዲያዩ። እና እኔ እከሳለሁ።

"ይኼንንስ መቼ እሺ አልኩ?"

"ሦስተኛው ኩርባ ላይ። በደስታ ነው ያልከው። ሞላውን ያስተካከልኩት ለእኔና ለቀጭኑ አንተ ነው።"

ጆሮዋን ነካች። አየሁ።

እሑድ፣ ሜይ 12

ጠዋት። ደመና፣ ግን አይዘንብም። ቺዙሩ ቀድማኝ ወጥታለች። ጓንቴን የት... ጥሩምባ ነፋች። ኦጋሳዋራ ሳን ምን ይላሉ? ይበሉ። ደገመችው። "መጣሁ!" ብዬ በመስኮት ጮህኩ። አትሰማም። ሄልሜቷን አጥልቃ፣ የኋላ ኮርቻ ላይ ወጥታ፣ ገና ሳልመጣ ማውራት ጀምራለች።