ከቀበቶ በታች ስለተለካው ጤናችን

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ገብረመስቀል፣ የእድራችን ጤና ኮሚቴ ሊቀመንበር

በልጅነትዎ ጓሮዬ ገብተው ዘይቱን ሲያራግፉ «አንተ» እልዎት ስለነበር፣ ዛሬ «እርስዎ» ስል ብዕሬ ቢደናቀፍ ይቅርታዎ አይለየኝ። ጤና እንዲሰጥዎ ልመኝልዎ አስቤ ነበር፤ ግን ባለፈው እሑድ በአንድ ረፋድ ሰማንያ ሦስት አባወራ ጤነኛ አድርገው ስላሰናበቱ፣ ጤና ሰጪው እርስዎ ሆነው ሳለ እኔ ምን ቆርጦኝ እመኝልዎታለሁ?

በድንኳኑ ሥር ሰብስበውን፣ ወገቡ ከዘጠና አራት ሴንቲ ሜትር ያለፈ ወንድ፣ ከሰማንያ ያለፈች ሴት፣ የሆድ ውስጥ ስብ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ በሽታ ሊያጋልጣቸው እንደሚችል አስረዱን። ትምህርቱ ወርቅ ነበር። ችግሩ የመጣው ሜትሩ ሲመዘዝ ነው።

1ኛ. ሸሚዝ ማስገለጥ ነውር ነው ብለው በልብስ ላይ፣ ያውም በቀበቶ ዙሪያ እንድንለካ አዘዙ። የሰፈራችን ወንድ ደግሞ ቦርጩ በገፋ ቁጥር ቀበቶውን ዝቅ እያደረገ ከሥሩ የሚታጠቅ ነው። ስለዚህ ሜትርዎ ቦርጫችንን እንደ ሰገነት ከላይ ትቶ በሥሩ በሰላም አለፈ። እኔ ሰማንያ ዘጠኝ ወጣሁ። ነርስ የሆነችው የልጅ ልጄ ግን ቤት ወስዳ፣ ሸሚዜን አስገልጣ፣ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል ብትለካኝ መቶ ሦስት ሆንኩ። በሰባ ስድስት ዓመቴ በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ስላሳደጉኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ወይዘሮ መብርሂት ነፋስ ሲነሳ ግድግዳ ይዘው የሚሄዱ ቀጭን ሴት ናቸው። መቀነታቸውን ማስፈታት ድፍረት ነው ተብሎ ከነስድስት ዙር መቀነታቸው ተለክተው ዘጠና አንድ ወጡ፤ «ለአደጋ የተጋለጡ» ተብለውም ስማቸው ተለጠፈ። እሳቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ ትተዋል። እኛ ጤነኞቹ ግን ደስታችንን ለመግለጽ ከድንኳኑ በቀጥታ ቁርጥ ቤት ገባን።

3ኛ. ይህኛው እንኳ ልመና ነው። አብሮ አደግዎ ልጄ ተከስተ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቆሞ ሞባይሉን ጆሮው ላይ ያደርጋል። የሚያናግረው ሰው የለም፤ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው። ሐኪም ይይህ ብለን ሁለት ዓመት ለምነን፣ ሰኞ እሄዳለሁ ብሎ ነበር። እሑድ እርስዎ «ዘጠና ሁለት፣ ጤነኛ» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ሰጡት። ሰኞም ቀረ። ወረቀቱን ከቡፌው መስታወት ላይ ለጥፎ፣ አፋችንን በከፈትን ቁጥር በጣቱ ያሳየናል። «በቃ አባባ፣ እድር መስክሮልኛል፤ ሱሪዬም የሠርጌ ቀን ቁጥር ነው» ይለኛል። አልዋሸም። ቁጥሩ ያው ነው፤ ሱሪው ነው አገር የለቀቀው።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ እንደገና ይለኩን። ሸሚዝ ይገለጥ፤ ሴቶቹን በመጋረጃ ውስጥ ሴት ትለካቸው። ልጄ ከሐኪም ይልቅ የሚያምነው የእድሩን ማኅተም ስለሆነ፣ ማኅተሙ ያጣመመውን ማኅተሙ ያቃናው። ማንም እንዳያፍር ደግሞ ከእርስዎ ይጀመር፤ ቦርጭዎ እንደሆነ ስብሰባ የሚገባው ሁልጊዜም ከእርስዎ ቀድሞ ነው።

እስከዚያው ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ መሬት እስክነካ ባይሆንም ቦርጬ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በወረቀት ጤነኛ የሆንኩት፣
አምኃ፣ የተከስተ አባት

ማስታወሻ፦ የእድራችንን የሬሳ ሣጥን አናጢ ሲለካ አርባ ዓመት አይቼዋለሁ። ሜትሩን የሚያሳርፈው ከሁሉ በሰፋው ቦታ ላይ ነው፤ ነውርም ቀበቶም አያውቅም፤ ተሳስቶም አያውቅም። ልጄን ከእሱ ቀድመው እርስዎ በትክክል ቢለኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።